የፊደላችን ሶርስ ኮድ የት ነው ያለው?



በቀደም አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን አዲስ አበባ የስልክ አፕ ይሠራል። "ቲቸር፣ አንዱን ፕሮግራም ለዊንዶውስም ለአንድሮይድም ለአይፎንም ስሠራ ኮዱ ሦስት ቦታ ተበታተነብኝ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው እንደ ድሮው ይቀራል። ምን ይሻለኛል?" ይላል። አጭሩን መልስ ወዲያው ሰጠሁት፤ የጋራ የሆነውን አንድ ቦታ አኑር፣ ልዩነቱን ብቻ በየቤቱ አድርግ፣ ሁሉንም ግን በአንድ የጊት ማከማቻ ያዝ። ረጅሙ መልስ ግን የፊደላችን ታሪክ ነው። ዛሬ የምጽፈው እሱን ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከችግሩ እንነሣ። ድሮ ኮምፒውተር አንዷን ፊደል የሚያስቀምጠው በአንድ ባይት ነበር። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ግማሹ ደግሞ ቀድሞውኑ በእንግሊዝኛው ፊደል፣ በቁጥሩና በምልክቱ ተይዟል። የእኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ ለብቻው 231 ነው። እነ ቋን፣ እነ ጐን፣ የግእዝ ቁጥሮቹን፣ ነጥቦቹን ስትጨምሩበት ሦስት መቶ ይጠጋል። ታዲያ ይሄ ሁሉ የት ይግባ? ጋኑ ትንሽ፣ ጠላው ብዙ።

ጭንቀቱ ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ነው፤ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። ስለዚህ ፊደሉ ከግንዱና ከቅጥያው እየተገጣጠመ ተጻፈ። ኮምፒውተሩ ሲመጣም ብዙዎቹ ባለሙያዎች በዚሁ መንገድ ሄዱ። ሌሎቹ ፊደሉን ለሁለት ከፍለው ሁለት ፎንት አደረጉት፤ ዋና ዋናው በአንዱ፣ ዲቃላው በሌላው። አንዳንዶቹም "ይሄማ ብዙ አያገለግልም" ያሉትን ፊደል ተዉት።

የደከሙትን ሰዎች ግን ማመስገን ይገባል። በ1980ዎቹ ፍሥሓ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ አሜሪካ ሆነው ፊደላችንን በኮምፒውተር ለማስጻፍ ለፉ። ዶ/ር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን "አጋፋሪ"ን አወጣ። ከዚያ "ቪዥዋል ግእዝ"ና "ፓወር ግእዝ" በየቢሮው ገቡ። ጸሐፊ ሆና የተቀጠረች ሴት ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ነው እጇን ያፍታታችው።

ችግሩ ሁሉም የየራሱን ሠንጠረዥ መያዙ ነው። አንዱ ጋ "መ" የተቀመጠችበት ቁጥር ሌላው ጋ "ሸ" ናት እንበል። በአንዱ የጻፍከውን በሌላው ስትከፍተው የማታውቀው ቋንቋ ይሆንብሃል። ፎንቱ ጨርሶ ከሌለህ ደግሞ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ትርምስ ታያለህ። ሰነዱ አማርኛ አልነበረማ! አማርኛ የሚመስል ልብስ የለበሰ የላቲን ጽሑፍ ነበር፤ ልብሱ ሲወልቅ ጉዱ ወጣ። ይሄ በአንድ ሰው ክፉ ሐሳብ የመጣ አይደለም። የጋራ ሠንጠረዥ አልነበረም፣ ሶርስ ኮዱም በየሠሪው መሳቢያ የተቆለፈ ስለሆነ አንዱ የሌላውን አይቶ ማስተካከል አይችልም ነበር። አሥር ሰው አንዱን ሥራ አሥር ጊዜ ሠራው።

እኔ የዚህን ዋጋ ያየሁት እዚሁ ትክል ድንጋይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር አንድ የቅኔ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰበሰቡትን ቅኔና የአካባቢውን አድባራት ታሪክ ጎንደር ወርደው በኮምፒውተር አስጻፉ። ታትሞ የወጣው አንድ ቅጂ በእጃቸው ቀረ፤ ፋይሉ በሁለት ፍሎፒ ሆነ። የኔታ ካረፉ በኋላ የታተመውን አይጥ በላው። ልጃቸው ፍሎፒውን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ስንከፍተው ትርምስ ነው። የጻፈችበት ፎንት ከዓመታት በፊት ከገበያ ጠፍቷል።

ቁጭ ብዬ መፍታት ጀመርኩ። ብልሃቱ እንደ ምስጢር ጽሑፍ ነው፤ መጀመሪያ ደጋግሞ የሚመጣውን ምልክት ትፈልጋለህ፤ እሱ የቃላት መለያያው ነው። ቀጥሎ "ማርያም"፣ "ቅዱስ"፣ "እግዚአብሔር" የሚሉትን ቃላት በርዝመታቸውና በፊደላቸው ድግግሞሽ ታድናለህ። ከነሱ አሥራ ምናምን ፊደል ካገኘህ ሌላው እየተጎተተ ይመጣል። አንድ ክረምት ፈጀብኝ፤ አብዛኛው ወጣ። ያልወጣም አለ። በዚያ ሶፍትዌር ጐን ለመጻፍ ወደ ሁለተኛው ፎንት መሻገር ያስፈልግ ነበርና ጸሐፊዋ ሰልችቷት (ማን ይፈርድባታል?) ሁሉንም በጎ ጽፋዋለች። የኔታ ደግሞ "ጐንደር" በጐ ካልተጻፈች ጐንደር አይደለችም የሚሉ ሰው ነበሩ! በቅኔው ውስጥ የትኛው ጎ ጐ እንደነበረ አሁን የሚያውቅ የለም። ልጃቸው በቃሉ የያዛትን ያህል አስተካከልን፣ የቀረው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ነገር ላንሣ፤ ጎንደሬ ሆኜ ብተወው አያምርም። የአንድምታ ትርጓሜ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ከየትኛውም የኮምፒውተር መጽሐፍ ይቀርበናል። በጎንደር ዘመን መምህር ኤስድሮስ የነበረውን ትርጓሜ መርምረው አርመው አስተማሩ። የቀድሞውን የያዙት "ላይ ቤት"፣ የእሳቸውን የተከተሉት "ታች ቤት" ተባሉ። ዛሬ የሶፍትዌር ሰዎች ቅርንጫፍ የሚሉት ይሄን ነው። ከአንድ ግንድ ተነሥተው ሁለት ሆኑ። ግን ጠላት ሆነው አልተጠፋፉም። ታች ቤት ቢገንም የላይ ቤቱ አልተረሳም፤ መምህሩ ጉባኤ ላይ "ላይ ቤት እንዲህ ይላል" እያለ ልዩነቱን ከነባለቤቱ ይነግርሃል። በአንዱ ቤት ውስጥም ቢሆን አንዱ ንባብ ሁለት ሦስት ፍቺ ሲኖረው "አንድም" ተብሎ በጎኑ ይቀመጣል እንጂ አይፋቅም። የጋራው ንባብ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የት ቦታ እንደገባና የማን እንደሆነ ይታወቃል። የኮምፒውተሩ አማርኛ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ያጣው ይሄን ነበር። ቅርንጫፍ ሞልቶ ነበር፣ ግንድ ግን አልነበረም።

ግንድ ፍለጋው በሁለት በኩል ሄደ።

አንደኛው በኢንተርኔት የተገናኙት ዲያስፖራዎች መንገድ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ "ሴራ" የተባለውን ሥርዓት አወጡ፤ አማርኛን በተራ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ፊደላት የመጻፍ ስምምነት ነው። ትንሹ ኤስ ሰን፣ ትልቁ ኤስ ጸን፣ ኤክስ ሸን ትሰጣለች። ዛሬ አብዛኞቻችሁ "ሰላም"ን በእንግሊዝኛ ቁልፍ እየነካችሁ የምትጽፉበት ልማድ ከዚህ የወጣ ነው። የሴራ ጥቅሙ የማንም ፎንት ጥገኛ አለመሆኑ ነው፤ በየትኛውም ማሽን ላይ ኢሜይል ሆኖ ያልፋል፣ ስምምነቱን የሚያውቅ ፕሮግራም ደግሞ ወደ ፊደል ይመልሰዋል። ዳንኤል በዚህ ላይ "ሊብኤት" የሚባል በሲ ቋንቋ የተጻፈ የጋራ ላይብረሪ ሠሩ። ከአንዱ ሶፍትዌር ሠንጠረዥ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፤ በ1997 የወጣው የኢማክስ ጽሑፍ ማረሚያ ፊደላችንን ይጽፍ ነበር፣ መሣሪያውን የጻፉት ደግሞ ናኦቶ ታካሃሺ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ናቸው። ሴራ በግልጽ የተጻፈ ስምምነት ባይሆን ጃፓን ያለ ሰው ከየት አግኝቶት?

ሁለተኛው ዩኒኮድ ነው። በመስከረም 1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ቅጂ ለፊደላችን 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ "መ" በዓለም ላይ አንድ ቁጥር አላት፤ ጐም የራሷ አላት። በ2005 ደግሞ የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላትና የዜማ ምልክቶቹ ተጨመሩ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሁሉም። ትውፊቱ ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው ምልክት ዛሬ በስልካችሁ ውስጥ ቁጥር አለው።

ሰው እዚህ ሲደርስ "በቃ፣ ተፈታ" ይላል። አልተፈታም። ዩኒኮድ ፊደሉ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው የወሰነው፤ በምን ቁልፍ እንደሚጻፍ ግን አልወሰነም። ዊንዶውስ በ2007 ቪስታን ሲያወጣ "ኒያላ" የተባለውን ፎንትና የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ማኪንቶሽ ሌላ ነው፣ ሊኑክስ ሌላ ነው፣ ስልኩ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ሌላ። ቢሮ ውስጥ በአንድ መንገድ ትጽፋለህ፣ ቤት ስትገባ ጣትህ ይሳሳታል። ተማሪዬ "ኮዱ ሦስት ቦታ ተበታተነብኝ" ያለው ችግር ማለት ነው፣ በአገር ደረጃ።

ይሄን ከፈቱት አንዱ "ኪይማን" ነው። አጀማመሩ ከእኛ ጋር አይገናኝም፤ ማርክ ደርዲን የተባለ ወጣት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የላኦስን ቋንቋ በዊንዶውስ ለማስጻፍ የሠራው ነው። በ2015 ሲል ኢንተርናሽናል ወሰደው፣ በ2017 ደግሞ ሶርስ ኮዱ ተከፍቶ በነፃ ተለቀቀ። አሁን ጊትሃብ ላይ ለማንም ይታያል። ተማሪዎች፣ ገብታችሁ እዩት፤ ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል። ማከማቻውን ስትከፍቱ ለዊንዶውስ አንድ ፎልደር አለ፣ ለማክ አንድ፣ ለሊኑክስ፣ ለአንድሮይድ፣ ለአይፎን፣ ለዌብ። በጎናቸው ደግሞ የጋራ የሆነው የሚቀመጥባቸው ፎልደሮች አሉ፤ አንዱ ስሙ ራሱ "ኮመን" ነው፣ ሌላው "ኮር"። የኪቦርዱን ሕግ አንብቦ "ይቺን ቁልፍ ከነካ በኋላ ይቺን ቢነካ ይቺ ፊደል ትውጣ" የሚለው አንጎል በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፎ ኮር ውስጥ ነው፤ የኮምፒውተሮቹ ቅጂዎች ቀስ በቀስ ወደ እሱ ተሰበሰቡ። የአንድሮይድና የአይፎኑ አፕ ደግሞ የዌቡን ሞተር በሆዳቸው ይዘው ነው የሚሠሩት። በየፎልደሩ የቀረው ያ መሣሪያ ብቻ የሚፈልገው ነው፤ መስኮቱ፣ ሜኑው፣ ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገርበት ወሽመጥ።

ኪቦርዶቹ ራሳቸው ሌላ ማከማቻ ውስጥ ናቸው። የአማርኛውን የሚይዘው የእነ ዳንኤል ያዕቆብ ግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ ለትግርኛም፣ ለግእዝም፣ ለብሊንም እንዲሁ። ኪቦርዱ አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ በኖትፓድ ይነበባል። ከዚያ አንድ ፋይል ኮምፓይለሩ ሁለት ነገር ያወጣል፤ ለኮምፒውተሮቹ የሚሆን የተጠቀለለ ፋይልና ለዌቡና ለስልኮቹ የሚሆን ጃቫስክሪፕት። ለስልክ የቁልፎቹን አቀማመጥ ብቻ የሚገልጽ ሌላ ፋይል በጎኑ አለ፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ ጣት ይዞ ማቆየት አለ፣ ኮምፒውተር ላይ የለም። በሕጉ ፋይል ውስጥም አንድ መስመር ለዴስክቶፕ ብቻ ወይም ለዌብ ብቻ ከሆነ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ምልክት ይደረግበታል። መጀመሪያ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። ይሄ እኮ አንድም ነው! ንባቡ አንድ፣ "በዌብ ቤት ግን እንዲህ ይላል" ተብሎ ልዩነቱ እዚያው በጎኑ።

ለምን ጊት አስፈለገ ለምትሉ፤ የጋራ ኮድ ያለ መዝገብ አደገኛ ነው። ሁሉም የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ከሆነ አንድ ሰው ያደፈረሰው ለሁሉ ይደርሳል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊትን የሠራው ሊኑክስን ለሚጽፉት በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ነበር፤ ሊኑክስም ራሱ ለየፕሮሰሰሩ የሚለየውን አንድ ፎልደር ውስጥ ለይቶ የቀረውን በጋራ የሚይዝ ነው። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደለወጠው ይይዛል። የተበላሸ ነገር ቢገባ ወደ ኋላ ተመልሰህ የገባበትን ቀን ታገኘዋለህ። በየኪቦርዱ ፎልደር ውስጥ ደግሞ "ሂስትሪ" የሚል ፋይል አለ፤ ከአንዱ እትም ወደ ሌላው ምን እንደተቀየረ በሰው ቋንቋ የሚናገር። የየኔታ ጸሐፊ የጎና የጐ ውሳኔዋ የትም አልተመዘገበም፤ እዚህ ቢሆን ኖሮ ይመዘገብ ነበር።

አንድ ሌላ የጋራ ምንጭ ላሳያችሁና ላብቃ፤ ይሄኛውን ሳታውቁት በየቀኑ ታዩታላችሁ። ስልካችሁ አማርኛ ላይ ሲሆን "ሐሙስ" ብሎ በሐ የሚጽፈው ከየት አምጥቶ ይመስላችኋል? በ2003 የተጀመረ የዩኒኮድ የጋራ የመረጃ ማከማቻ አለ፤ የየቋንቋው የቀን ስም፣ የወር ስም፣ የአገር ስም፣ የገንዘብ አጻጻፍ የተሰበሰበበት። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ጳጉሜንም እዚያ ናቸው። አንድሮይድም፣ የአፕል ስልክም፣ ዊንዶውስም፣ ብሮውዘሮቹም ከዚያ ይቀዳሉ። እሱም ዛሬ ጊት ላይ ነው። እንግዲህ "ዓርብ" በዓ ይጻፍ ወይስ በአ ብለን ቡና ቤት ስንከራከር፣ አንድ ሰው እዚያ ገብቶ ሐሳቡን አስመዝግቦ በድምፅ ቢያልፍለት በሚቀጥለው እትም ሚሊዮን ስልክ ላይ ይወርዳል። የአማርኛውን ለማየት የሚገቡት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው። ይሄ ነው እኔን የሚያሳስበኝ፤ ምንጩ አንድ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ጠባቂው ጥቂት ከሆነ ግን በጥቂት ሰው ስህተት ሁላችንም እንሳሳታለን። ድሮ ቁልፉ በሌላ ሰው መሳቢያ ነበር። አሁን በሩ ክፍት ነው፣ የሚገባ ነው የጠፋው። እናንተ ኮድ የተማራችሁት ደግሞ ፌስቡክ ላይ "ኪቦርዱ ተበላሸ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እዚያው ጊትሃብ ላይ ጻፉታ! በእንግሊዝኛ ቢሰባበርም ይገባቸዋል። እነ ዳንኤልማ አማርኛውንም ያነባሉ።

ሌላው ደግሞ ያ የድሮ ፋይል ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየደብሩ ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ ሮስተር፣ የርስት ክርክር፣ ታሪክ፣ ቅኔ በፍሎፒና በአሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ፍሎፒ ሻጋታ ይበላዋል፤ የእኛ ደጋ እርጥበት ደግሞ አይምሬ ነው። የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎችም እያረጁ ነው፤ የትኛው ፎንት እንደነበረ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። በዚያ ክረምት ያወጣሁት የፊደል ሠንጠረዥ አለ፣ ሦስት ሌሎች ፎንቶችንም ከዚያ ወዲህ ጨምሬበታለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ፤ የሚያርመው ካገኘሁ ደስታዬ ነው።

ጎንደር፣ አርማጭሆ፣ ዳባት፣ ደባርቅ አካባቢ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ፍሎፒ ወይም የማይከፈት ፋይል ያለው ሰው ካወቃችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ ወይም በውስጥ መስመር አግኙኝ። የፍሎፒ ማንበቢያ አንድ አለኝ፣ እስካሁን ይሠራል።